ልጃችን በየትኛው እንስሳ ዓመት ይወለድ?



እ.ኤ.አ በ1965 ጃፓን ውስጥ የተወለዱት ሕጻናት 1 ሚሊዮን 820 ሺህ ያህል ነበሩ። በ1967 ከ1 ሚሊዮን 930 ሺህ በላይ ሆኑ። በመካከላቸው ባለው በ1966 ግን 1 ሚሊዮን 360 ሺህ ብቻ ተወለዱ። ከዓመት በፊቱ ጋር ስናነጻጽረው ከአራት ሕጻን አንዱ ጎደለ ማለት ነው። ጦርነት አልነበረም፤ ረሃብ አልነበረም፤ ወረርሽኝም አልገባም። እንዲያውም አገሪቱ በኢኮኖሚ ሽቅብ የምትወጣበት፣ ፈጣኑን ባቡር ሥራ ካስጀመረች ገና ሁለት ዓመት የሆናት ጊዜ ነበር። ታዲያ ምን ሆኑ? ዓመቱ «የእሳት ፈረስ» ዓመት ነበር። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ለማያውቅ እንንገር። ከቻይና ተነስቶ በምሥራቅ እስያ የተስፋፋ ጥንታዊ የዘመን አቆጣጠር አለ። ዓመቶቹ በተራ በ12 እንስሳት ይጠራሉ፦ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ድራጎን፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ዝንጀሮ፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ አሳማ። አሳማው ሲያልቅ እንደገና ወደ አይጥ ይመለሳል። በዚህ ላይ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃ ይደረባሉ። ሁለቱ ተጣምረው ሙሉ ዙር ለመጨረስ 60 ዓመት ይፈጃሉ። ስለዚህ የእሳት ፈረስ የሚመጣው በ60 ዓመት አንዴ ነው፤ 1906፣ 1966፣ ከዚያ 2026።

ዓመትን በእንስሳ ስም መጥራቱ ላይ ችግር የለብንም። እኛም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተወለዱት በዝሆን ዓመት ነው እንላለን። ግን ያ ዓመት በዝሆን የተጠራው አብረሃ ካዕባን ሊያፈርስ ዝሆን ይዞ ስለመጣ፣ የሆነ ነገር ስለሆነበት ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ሁሉ የዝሆን ጠባይ ይኖረዋል ያለ ሰው አልሰማንም። ችግሩ የሚጀምረው የዓመቱ ስም በልጁ ላይ ሲለጠፍ ነው። ድራጎን ከሆነ መሪ ይሆናል፣ ሀብት ይከተለዋል። ፍየል ከሆነ ዕድለ ቢስ ነው። ነብር ሴት ከሆነች ኃይለኛ ናት፣ ለባሏ አትገዛም። የእሳት ፈረስ ሴት ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት፤ ባሏን ትገድላለች ይባላል።

ይህቺኛዋ ከአንዲት ልጅ ታሪክ ጋር ትያያዛለች። ኦሺቺ የምትባል የአትክልት ነጋዴ ልጅ በድሮው ኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ ትኖር ነበር። ከተማው በእሳት ሲቃጠል ከቤተሰቦቿ ጋር ሸሽታ በተጠለለችበት ቦታ አንድ ወጣት ወደደች። ቤት ተሠርቶ ከተመለሱ በኋላ እሳት ብነሳ መልሼ አገኘዋለሁ ብላ እሳት ለኮሰች። ተይዛ በ1683 በእሳት ተቃጥላ ተገደለች። የተወለደችው በ1666 በእሳት ፈረስ ዓመት ነው ተብሎ በመጽሐፍም በቲያትርም ሲነገር ኖረ። አንዲት ያልበሰለች ልጅ ባጠፋችው ጥፋት ከእሷ በኋላ በየ60 ዓመቱ የሚወለዱ ሴቶች ሁሉ ተጠያቂ ሆኑ።

በ1906 የተወለዱት ሴቶች ለትዳር ሲደርሱ በዚህ ምክንያት ፈላጊ አጥተው የተቸገሩ ነበሩ። የ1966ቱ ወላጆች ይህንን ያስታውሳሉ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከእነዚያ ወላጆች ብዙዎቹ ፈረስና እሳት የሰውን ጠባይ ይወስናል ብለው የሚያምኑ አልነበሩም። የተማሩ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ያላቸው፣ ፋብሪካና ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የሚፈሩት ጎረቤትን ነበር። «እኔ አላምንበትም፤ ግን ነገ ልጄን የሚያጭላት ሰው እናት ብታምንበትስ?» ይላሉ። የጎረቤት እናትም እንዲሁ ትላለች። ሁሉም ሌላው ያምናል ብሎ ይፈራል፤ በመጨረሻ ማንም ከልቡ ሳያምን አገር ሙሉ ታዘዘ። ሰው በልቡ ትቶት በእጁ የሚሠራው እምነት እንዲህ ነው።

ደግሞ በዚያን ጊዜ የጽንስን ጾታ በማሽን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሴት እንዳይወለድ ሲፈሩ ወንዱንም አብረው ተዉት። የሚበዙት እርግዝናውን በመከላከያ አዘገዩ፤ ያስወረዱም ነበሩ። የተወለደችውን ልጅ የልደት ቀን አምና ወይም ከርሞ አስመስለው ያስመዘገቡም እንደነበሩ የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያዎች ጽፈዋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ካናኤ ካኩ የሚባሉ ተመራማሪ በ1975 ያሳተሙት ጥናት ነው። በ1966 በጃፓን በአደጋ፣ በመመረዝና በጥቃት የሞቱ ገና የተወለዱ ሴት ሕጻናት መጠን ከሌሎቹ ዓመታት ከፍ ብሎ ተገኘ። ወንዶቹ ላይ እንዲያ ያለ ጭማሪ አልታየም።

ይህንን ስናነብ ከመድረሳ ጀምሮ የምናውቀው ነገር ትዝ አለን። ከነሕይወቷ የተቀበረችው ሕጻን በቂያማ ቀን በምን ጥፋት እንደተገደለች እንደምትጠየቅ ቁርኣን ይነግረናል። ኡስታዞቻችን ሲያስተምሩን የጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ነገር ነው፣ አልፏል ይሉን ነበር። ከ60 ዓመት በፊት በሠለጠነ አገር፣ አባቶቻችን በሕይወት እያሉ የሆነ ነው እንግዲህ።

የተገላቢጦሹም አለ። የድራጎን ዓመት ሲመጣ ሰው ለመውለድ ይሽቀዳደማል። ታይዋንን እንይ። 2010 የነብር ዓመት ነበር፤ የተወለዱት 166 ሺህ ያህል ብቻ ሲሆኑ አንዲት ሴት በሕይወቷ የምትወልደው በአማካይ 0.9 ገደማ ወረደ። በዓለም ዝቅተኛው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2012 ድራጎን መጣ፤ ቁጥሩ ከ229 ሺህ አለፈ። በቻይናም በ2023 የተወለዱት 9 ሚሊዮን 20 ሺህ ሲሆኑ በድራጎኑ 2024 ወደ 9 ሚሊዮን 540 ሺህ ከፍ አሉ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በ2007 «የወርቅ አሳማ ዓመት ነው» ተብሎ የወሊድ ቁጥር 45 ሺህ ገደማ ጨመረ። አሳማ ሲባል እኛ ፊታችንን እናዞራለን፤ እነሱ ዘንድ ሲሳይ ነው። ዕድል የሚባለው ነገር አገር ሲቀይር ፊቱን እንደሚቀይር ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

የሲንጋፖሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሊ ሲየን ሉንግም በ2024 የቻይናውያን አዲስ ዓመት መልእክታቸው ባለትዳሮች «ትንሽ ድራጎን» ወደ ቤታቸው እንዲጨምሩ አበረታተው ነበር። መንግሥት የሕዝቡ ቁጥር ስላሳሰበው ነው። በ2023 አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 0.97 ነበር፤ በ2024ም 0.97 ሆኖ ተገኘ። የቤት ኪራይና የሥራ ሰዓት ድራጎን አይሰማም መሰል።

ይህ ሁሉ ቁጥር ነው። ጉዳዩ ሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሚመስል የሰማነው ከጀመዓችን ወንድም ነው። ወንድማችን ቻይና ኢዉ ከተማ እየተመላለሰ ዕቃ ያመጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃ የሚያዘጋጁለት ባልና ሚስት አሉ፤ እየቆዩ እንደ ቤተሰብ ሆኑለት። ሚስትየዋ በ1984 በአይጥ ዓመት፣ ባልየው በ1981 በዶሮ ዓመት የተወለዱ ናቸው። ልጅ አልመጣ ስላላቸው በ2021 ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ሐኪሙ በላብራቶሪ የሚደረገውን አይቪኤፍ እንዲጀምሩ መከራቸው። እሷ ያኔ 37 ዓመቷ ነው።

የባልየው እናት አቆጣጠሩን አወጡ። አሁን ብትጀምር ልጁ የሚወለደው በ2022 በነብር ዓመት ነው፤ ሴት ብትሆንስ? ይቅር። የ2023 ጥንቸል ደግሞ በአቆጣጠራቸው ከዶሮ ፊት ለፊት የሚቆም ነው፤ ልጁ ከአባቱ ጋር ይጋጫል። ይህም ይቅር። 2024 ድራጎን! ድራጎን ከአይጥም ከዶሮም ይስማማል፤ ለእናትም ለአባትም መልካም ነው። ባልየው በዚህ አያምንም፤ እናቱን ላለማስቀየም ግን እሺ አለ። እሷም ለቤቱ ሰላም ብላ እሺ አለች። ሁለት ዓመት ጠበቁ።

ቀኑን ማስላት ደግሞ በአይቪኤፍ ቀላል ነው። የ2024 ድራጎን ዓመት የገባው ፌብሩዋሪ 10 ሲሆን ያለቀው በ2025 ጃንዋሪ 28 ነው። ጽንስ ከተፈጠረ እስከ መወለድ 266 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ከሜይ 20 ቀን 2023 እስከ ሜይ 7 ቀን 2024 ድረስ የተፈጠረ ጽንስ በደንቡ ከተወለደ «ድራጎን» ይሆናል። በተፈጥሮ መንገድ ቢሆን ባልና ሚስት ወሩን እንጂ ቀኑን አይቆርጡም፤ በላብራቶሪ ግን ቀኑ ይታወቃል። የተፈጠረውን ጽንስ በቅዝቃዜ አቆይቶ በፈለጉት ወር ወደ ማሕፀን መመለስም ይቻላል። ለታመመ ሰው የመጣ ዕውቀት ለእንስሳ ቀጠሮ ማስያዣ ሆነ።

በጁን 2023 ሲጀምሩ እሷ 39 ሞልቷት ነበር። ሴት ልጅ ስትወለድ የእንቁላሏ ክምችት አብሯት ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። ከ35 ዓመት በኋላ ብዛቱም ጥራቱም በፍጥነት ይወርዳል። አይቪኤፍ ይህንን አያድስም፤ ያለውን ነው የሚጠቀመው። ከእሷ የተገኙት እንቁላሎች ጥቂት ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ አልያዘም። ሐኪሙ ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጡ ይሳካ ነበር አላለም፤ ማንም እንዲያ ብሎ መማል አይችልም። ዕድሉ ግን ይሻል እንደነበር ነግሯቸዋል። ወንድማችን ይህንን የነገረን ለእነሱ ዱዓ ስለማድረግ ሊጠይቀን መጥቶ ነው። አማትየዋ አሁን ጥፋቱ የምራታቸው ነው ይላሉ አሉ።

አማትየዋን እንደ ክፉ ሰው አንቁጠራቸው። ለልጅ ልጃቸው መልካሙን ነው የፈለጉት። እንዲያውም «ድራጎኖች ይሳካላቸዋል» ለሚሉት ማስረጃ አለን ሊሉ ይችላሉ። ናጂ ሞካንና ሃን ዩ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የቻይናን መረጃ አገላብጠው በድራጎን ዓመት የተወለዱ ልጆች በትምህርት ከሌሎቹ በርግጥም እንደሚሻሉ አግኝተዋል። ምክንያቱን ሲፈልጉ ግን ወላጆቹ ላይ አገኙት። ድራጎን የወለደ ወላጅ ከልጁ ብዙ ይጠብቃል፣ ብዙ ያወጣበታል፣ የቤት ሥራም ያቀልለታል። ታዲያ ያው ወላጅ ለፍየል ዓመት ልጁ ይህንን ቢያደርግ ማን ከለከለው? በሲንጋፖር የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ድራጎኖቹ ስለሚበዙ ለዩኒቨርሲቲ ቦታም ለሥራም እርስ በርስ ተጋፍተው ገቢያቸው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ያሳያል። ሁሉም ለአንድ ዓመት ከተሽቀዳደመ ዕድሉ ራሱ ወረፋ ይሆናል።

በዲናችን ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ከእስልምና በፊት ዐረቦች በሸዋል ወር ማግባት ገድ የለውም ይሉ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን ኒካሐቸውም ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት መግባታቸውም በሸዋል እንደነበር ተናግረዋል፤ የቤተሰባቸውም ሴቶች በሸዋል ቢዳሩ ይወዱ ነበር። ይህንን ተግባራቸውን እንወደዋለን፤ ወሩን በክርክር ብቻ ሳይሆን በሠርግ ነው የመለሱት። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀንም ፀሐይ ጠቁራ ሰዎች ከሞቱ ጋር ሲያያይዙት፣ እሳቸው ልጃቸውን ቀብረው ባዘኑበት ሰዓት እንኳ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት እንደማይጠቁሩ አስተምረዋል። ሐዘናቸውን ሰማይ ቢጋራላቸው ማን ይቃወማቸው ነበር?

አደራ፣ ይህ ማለት ግን ወሊድን ማቀድ ነውር ነው ማለት አይደለም። ሶሓቦች ዓዝል ያደርጉ ነበር። ለእናት ጤና፣ ለሚጠባ ልጅ፣ ለትምህርትም ብለው ባልና ሚስት ተመካክረው ቢያራርቁ ምክንያታቸው በእጃቸው የሚዳሰስ ነው። እኛ የምንለው ስለማይዳሰሰው ነው።

ታዲያ «የሩቅ አገር ነገር ነው» ብለን እንዳንስቅ። ስልካችሁ ላይ «የቻይና የጾታ ካላንደር» የሚባል ሰንጠረዥ አይታችሁ ይሆናል። የእናትን ዕድሜና ያረገዘችበትን ወር አገናኝቶ ወንድ ወይም ሴት ይላል። ኒካሕ ካሰርንላቸው ወጣቶች አንዱ ወንድ ልጅ በየትኛው ወር እንደሚፀነስ ከዚያ አውጥቶ ለሚስቱ የወር ፕሮግራም ሠርቶላት ነበር። ወላሂ በዳቦ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ የዋጋ ዝርዝር ነው የሚመስለው! ይህንን ሰንጠረዥ ስዊድን ውስጥ ከ2 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ወሊዶች ላይ ፈትነውት ትክክለኛነቱ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ተገኘ። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም ማለት ነው።

የኛው ቤት ኮከብ ቆጠራም አለ። ስምንና የእናትን ስም ፊደል ደምሮ «ኮከባቸው አይገጥምም» የሚል ሰው ዘንድ ሄደው ኒካሕ የሚያፈርሱ ቤተሰቦች፣ ሙስሊሞችም ጭምር፣ አጋጥመውናል። ልጅ ሲዘገይባቸውማ መጀመሪያ የሚኬደው እዚያ ነው። አንዲት እህታችን «ኮከብሽ ከመጪው ዓመት በኋላ ይነቃል» ተብላ አራት ዓመት ጠብቃለች። ባልየው አንድ ቀን እንኳ አልተመረመረም። የኢዉዋ ሴትና ይህች እህት አይተዋወቁም፤ የጠበቁት ግን አንድ ነገር ነው።

ስለዚህ የምናውቀውን እንንገራችሁ። ያለ መከላከያ አብረው ኖረው አንድ ዓመት ካለፈ፣ ሚስት ከ35 በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ሁለቱም ናቸው የሚሄዱት። ችግሩ በግማሽ ያህሉ በባል በኩልም ይገኛል፤ የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ይልቅ ቀላልም ርካሽም ነው፣ ወንድሞች። አይቪኤፍን በተመለከተ በ1986 አማን ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ የባልየው ዘርና የሚስትየዋ እንቁላል ሆኖ፣ ትዳሩ ጸንቶ እያለ፣ ወደ ራሷ ማሕፀን የሚመለስ ከሆነ እንደሚፈቀድ ወስኗል፤ ሦስተኛ ሰው ሲገባበት ግን አይፈቀድም። አዲስ አበባ ላይ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ቀድሞ መመዝገብ ይበጃል።

ኢስቲኻራ ሰግዳችሁ ሂዱ። ወረቀቶቻችሁን ያዙ፤ የቀድሞ ምርመራ ካለ አትጣሉት። በሸሪዓው በኩል ጥያቄ ያላችሁ ከመግሪብ በኋላ በመስጂዱ ቢሮ ታገኙናላችሁ። ለእኛ ለመንገር የምታፍሩ እህቶች ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ሴቶችን የምታስቀራዋን ኡስታዛ አናግሯት፤ እሷም በዚሁ መንገድ አልፋለች።